ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣው መድኃኒት

እስከ እ.ኤ.አ. 1952 ድረስ ዘመናዊው ሕክምና ለስኪዞፍሬኒያ የሚሠራ መድኃኒት አልነበረውም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕመሙ ግን ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን በ1890ዎቹ ከሌሎች የአእምሮ ሕመሞች ለይቶ ጽፎታል። በወጣትነት ጀምሮ አእምሮን እያደከመ የሚሄድ ስለመሰለው የሰጠው የላቲን ስም «ያለ ዕድሜ መጃጀት» እንደ ማለት ነበር። በ1908 የዙሪኩ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ሁሉም እንደማይጃጅ አስተውሎ መሰንጠቅንና አእምሮን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም አወጣ። ይህም ስም በተራው ብዙ ሰው አሳስቷል። ሕመምተኛው በአንድ ገላ ሁለት ሰው አይሆንም፤ የሚሰነጠቀው የሐሳቡ፣ የስሜቱና የድርጊቱ መጣጣም ነው።

ሕመሙ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ጎልቶ የሚታየው ነው፦ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሕመምተኛውን ይሰድበዋል፣ ያዘዋል፤ «ሊመርዙኝ ነው»፣ «ሐሳቤን ይሰርቁኛል» የሚል በማስረጃ የማይነቃነቅ እምነት ያድርበታል፤ ንግግሩ መያያዣ ያጣል። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው፦ ፍላጎት ይጠፋል፣ ፊት ስሜት አያሳይም፣ ሰው መሸሽ ይመጣል፣ ገላ መታጠብ እንኳ ተራራ ይሆናል። ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ፖዘቲቭ፣ የኋለኞቹን ኔጌቲቭ ምልክቶች ይሏቸዋል። ልዩነቱን መያዝ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የሚነሡት መድኃኒቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚበረቱት በመጀመሪያዎቹ ላይ ነው።

መድኃኒት ባይኖርም ሐኪሞች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1933 የቪየናው ማንፍሬድ ዛኬል በኢንሱሊን የሕሙማንን ስኳር ራሳቸውን እስኪስቱ እያወረደ መልሶ የማንቃትን ዘዴ አስተዋወቀ። በ1934 የቡዳፔስቱ ላዲስላስ ሜዱና በመጀመሪያ በካምፎር፣ ቀጥሎ በካርዲያዞል የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ማስነሣት ጀመረ፤ ኡጎ ቼርሌቲና ሉቺዮ ቢኒ በ1938 ሮም ላይ ያንኑ በኤሌክትሪክ አደረጉት። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1935 የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ከሌላው ጋር የሚያገናኙ ነርቮችን መቁረጥ ጀመረ፤ በ1949 ኖቤል ተሸለመበት። ከእነዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የኤሌክትሪኩ ብቻ ነው፤ እሱም በሰመመንና በጡንቻ ማላሊያ ታግዞ። የተቀረው ሕመምተኛ ዕጣ ብሮማይድና ባርቢቹሬት ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ሰውን ያስተኛሉ እንጂ ድምፁን አያጠፉም። ሲነቃ ድምፁ እዚያው አለ።

ነገሩን የለወጠው ሐኪም የአእምሮ ሐኪም አልነበረም። አንሪ ላቦሪ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ በ1949 ቱኒዚያ ውስጥ ቢዘርት በሚባለው የወደብ ከተማ ይሠራ ነበር። ያሳሰበው በቀዶ ሕክምና ወቅት ሰዎችን የሚገድለው የደም ግፊት መውደቅ ነው። ለዚህ ፕሮሜታዚንን ሞከረ፤ መድኃኒቱ የአለርጂ ማስታገሻ ሲሆን ዛሬም በየመድኃኒት ቤቱ አለ። መርፌውን የወሰዱ ሕሙማን ነቅተው ሳሉ ጭንቀታቸው ቀልሎ፣ ሕመማቸውም ከእነሱ የራቀ መስሎ ታየው። ላቦሪ ወደ ፓሪስ ተዛውሮ በቫል-ደ-ግራስ ወታደራዊ ሆስፒታል ሳለ፣ ይህ ጠባይ የበረታበት መድኃኒት እንዲገኝ ሮን-ፑላንክ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ ወተወተ። የኩባንያው ኬሚስት ፖል ሻርፓንቲዬ በታኅሣሥ 1950 የሠራው ውሕድ 4560 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ኋላ ክሎርፕሮማዚን ተባለ።

የውሕዱን ጠባይ በአይጥ የፈተነችው ሲሞን ኩርቯዚዬ ነበረች። አይጦቹ ደወል ሲሰሙ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚከተል ስለለመዱ ገመድ ላይ ይወጡ ነበር። ክሎርፕሮማዚን የተሰጣቸው ደወሉን እየሰሙ፣ መውጣትም እየቻሉ፣ ከቁብ ሳይቆጥሩት ቀሩ። መድኃኒቱ እንቅልፍ አላመጣም፤ ማስፈራሪያውን ነው ያቀለለው። ላቦሪም በሰው ላይ ያየው ይህንኑ ነበርና የቫል-ደ-ግራስን የአእምሮ ሐኪሞች እንዲሞክሩት ገፋፋ። ጥር 19 ቀን 1952 አንድ የ24 ዓመት ወጣት መርፌው ተሰጠው። ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር ተደባልቆ ለሃያ ቀን ያህል ከታከመ በኋላ ከሆስፒታል ወጣ። የወጣቱ ሕመም ማኒያ እንጂ ስኪዞፍሬኒያ እንዳልነበር መጥቀስ ተገቢ ነው፤ በኋላ ዘመን ሲተረክ ብዙ ጊዜ ይህ ይዘነጋል።

ወሳኙን ሥራ የሠሩት በዚያው ዓመት በፓሪሱ ሳንት-አን ሆስፒታል ዣን ደሌና ፒየር ደኒኬር ናቸው። ሌላ ነገር ሳይደባልቁ ክሎርፕሮማዚንን ብቻውን በየቀኑ ሰጡ፤ በ38 ሕሙማን ላይ ያዩትንም ከግንቦት 1952 ጀምሮ በተከታታይ አሳተሙ። በማሰሪያ ይያዙ የነበሩ ሰዎች ተረጋጉ፤ ከዚያ የሚያስደንቀው ደግሞ መነጋገር መቻላቸው ነበር። ለዓመታት በሁካታ የሚታወቁ ክፍሎች ጸጥ አሉ። መድኃኒቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላርጋክቲል በሚል ስም ለሽያጭ ቀረበ። ሁለቱ ሐኪሞች በ1955 ለዚህ ዓይነት መድኃኒት «ኒውሮሌፕቲክ» የሚል የወል ስም አወጡለት፤ ነርቭን የሚይዝ እንደ ማለት ነው። ዛሬ የሚሠራበት «አንቲሳይኮቲክ» የሚለው ስም ኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ስም የበለጠ ሐቀኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ እንጂ ምን እንደሚያድን አይናገርም።

አትላንቲክን ያሻገረው በከፊል አጋጣሚ ነው። ሃይንዝ ሌማን ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ሞንትሪያል የገባ ሐኪም ሲሆን በቨርደን ፕሮቴስታንት ሆስፒታል ይሠራ ነበር። አንድ የመድኃኒት ሻጭ ቢሮው ትቶለት የሄደውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ እሑድ ቀን ገንዳ ውስጥ ተኝቶ አነበበ። በ71 ሕሙማን ላይ ሞክሮ በ1954 መጀመሪያ ያሳተመው ሪፖርት በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም በሩን ከፈተ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አሜሪካ መድኃኒቱን ቶራዚን በሚል ስም ፈቀደች። እዚያ የሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ መጀመሪያ ላይ ይበልጥ የተማመነው በማስታወክ ማስታገሻነቱ ነበር። በእንግሊዝም ቻርሚያንና ጆኤል ኤልክስ የተባሉ ባልና ሚስት በበርሚንግሃም 27 ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች መርጠው፣ እውነተኛውን መድኃኒትና መድኃኒት የሌለበትን አምሳያውን ማን እንደሚወስድ ሳይታወቅ እያፈራረቁ ፈተኑ። የ1954ቱ ሪፖርታቸው በዚህ መስክ ከቀደሙት ቁጥጥር ያላቸው ጥናቶች አንዱ ነው፤ ውጤቱን አላጋነነም፤ ድምፁን ባያጠፋም ሰውየውን እፎይ እንደሚያሰኘው ነበር የመዘገበው።

በእነዚሁ ዓመታት ከሕንድ የመጣ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። ራውዎልፊያ የተባለው ቁጥቋጦ ሥር በሕንድ ባህላዊ ሕክምና ለእብደት ሲሰጥ የኖረ ነው፤ የሕንድ ሐኪሞች በ1931 ጽፈውበታል። ከሥሩ የወጣው ሬዘርፒን በ1954 በኒውዮርክ በናታን ክላይን ተሞከረ። ሬዘርፒን እንደ ሕክምና ብዙ አልቆየም፤ ክሎርፕሮማዚን በለጠው። ለሳይንስ ግን ትልቅ ውለታ ዋለ። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 ሬዘርፒን የተሰጣቸው ጥንቸሎች ደንዝዘው ሲቀሩ፣ ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚለውጠውን ኤል-ዶፓን ሲሰጣቸው ተመልሰው እንደሚንቀሳቀሱ አሳየ። ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል በአንጎል ውስጥ የራሱ ሥራ እንዳለው የታወቀው በዚህ ነው። ካርልሰን በ1963 ከማርጂት ሊንድክቪስት ጋር ሆኖ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የነርቭ መልእክት ተቀባዮችን ይዘጋሉ የሚል ግምት አቀረበ። ለዶፓሚን ሥራው ኖቤል ያገኘው በ2000 ነው።

ሃሎፔሪዶል ከ1963ቱ ግምት በፊት በአምስት ዓመት የተገኘ ነው፤ እሱም የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ቤልጂየማዊው ፖል ያንሰን በቤርሰ ከተማ ቤተ ሙከራው ከፔቲዲን የተሻለ ሕመም ማስታገሻ ይፈልግ ነበር። በየካቲት 1958 ከተሠሩት ውሕዶች አንዱ ሕመም ማስታገሡን ትቶ አይጦቹን እንደ ክሎርፕሮማዚን አረጋጋቸው፤ ያውም እጅግ ባነሰ መጠን። በሊዬዥ ሐኪሞች በሕሙማን ላይ ከተፈተነ በኋላ በ1959 ገበያ ወጣ። ክሎርፕሮማዚን በመቶዎች በሚቆጠር ሚሊግራም የሚሠራውን ሃሎፔሪዶል በጥቂት ሚሊግራም ይሠራዋል፤ ደም ግፊት የመጣልና የማፍዘዝ ጠባዩም ያነሰ ነው። ርካሽም ስለሆነ ከስድሳ ዓመት በላይ የድሃ አገሮች የአእምሮ ሕክምና ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ይመስላል። ዋጋውን የከፈሉት ሕሙማን ናቸው። መድኃኒቱን ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ የአንዳንዱ አንገት ይጣመማል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል። ሌላው እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ ይገተራል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ ጭንብል ይመስላል። ሌላው ደግሞ መቀመጥ ያቅተዋል፤ እግሩ እረፍት ያጣል፤ ይህን አካቲዥያ ይሉታል። አካቲዥያ ብዙ ጊዜ የሕመሙ መባባስ መስሎ ይታይና መጠኑ ይጨመራል፤ ሥቃዩም አብሮ ይጨምራል። በ1957 ጀርመን ውስጥ፣ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ከንፈርና ምላስ ላይ ያለ ፈቃዳቸው የሚመጣ እንቅስቃሴ ተመዘገበ። ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ የሚባለው ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ቆሞም እንኳ ላይለቅ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ትኩሳት፣ የጡንቻ መግረርና የንቃተ ሕሊና መዛባት በአንድነት መጥተው ይገድላሉ።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ይህን ያህል ከሆነ ሐኪሞች ለምን አልተዉትም? መልሱ የጎላው በ1964 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም በጆናታን ኮል መሪነት ዘጠኝ ሆስፒታሎችን አስተባብሮ ሦስት መድኃኒቶችን ከአምሳያ ክኒን ጋር አወዳደረ። መድኃኒት የወሰዱት ከአምሳያው ወሳጆች በግልጽ በለጡ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ «ይሠራል ወይ?» ከሚለው ወደ «ለማን፣ በምን ያህል መጠን፣ እስከ መቼ?» ተሸጋገረ። ይህኛው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

መድኃኒቱ የሆስፒታሉን በር ከፍቷል መባሉ ልማድ ነው። በ1955 በአሜሪካ የክፍለ ግዛት የአእምሮ ሆስፒታሎች 559,000 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ በ1994 ወደ 72,000 ወርደው ነበር። በመካከሉ ግን በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፈረሙት የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ሕግ አለ፤ በ1965 የመጣው የድሆች የሕክምና መድን አለ፤ ሆስፒታሎቹን መዝጋት የወደደ በጀትም አለ። ይቋቋማሉ የተባሉት የማኅበረሰብ ማዕከላት በሚበቃ ቁጥር አልተሠሩም። ከሆስፒታል የወጣው ብዙ ሰው ክኒኑን ይዞ ወጣ፤ ቤት፣ ሥራና የሚከታተለው ሰው ግን አላገኘም፤ ከጎዳናና ከእስር ቤት የደረሰው ጥቂት አይደለም።

ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለማንም ሰው ይከብዳል። «አልታመምኩም» ለሚል ሰው ደግሞ እጥፍ ይከብዳል፤ ሕመሙን አለማወቅ ራሱ የሕመሙ አካል ነውና። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ረጅም ጊዜ የሚቆይ የፍሉፌናዚን መርፌ ለዚህ የተገኘ መፍትሔ ነበር። በዘይት የተሟሟው መድኃኒት ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን ተካተዋል። በወር አንዴ የሚሰጠው መርፌ ጤና ተቋም ሩቅ በሆነበት አገር ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው።

እነዚሁ መድኃኒቶች በሌላ እጅ ሌላ ነገር ሆነዋል። በሶቪየት ኅብረት የመንግሥት ተቃዋሚዎች «ዝግተኛ ስኪዞፍሬኒያ» በሚል ምርመራ በልዩ ሆስፒታሎች ይታሰሩ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ሊዮኒድ ፕሊዩሽ ከ1973 እስከ 1976 መጀመሪያ በድኒፕሮፔትሮቭስክ ተይዞ በሃሎፔሪዶል ተሠቃየ። የሶቪየት የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ የተነሣ መባረር ሲያሠጋው በ1983 ራሱ ከዓለም የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ወጣ።

መድኃኒቶቹ ለምን እንደሚሠሩ በማያጠራጥር ሁኔታ የታየው ሥራ ላይ ከዋሉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1975 እና 1976 የቶሮንቶው ፊሊፕ ሲማንና የባልቲሞሩ ሰለሞን ስናይደር በየፊናቸው፣ መድኃኒቶቹ ከዶፓሚን ተቀባዮች ጋር ያላቸውን የመጣበቅ ኃይል ለኩ። ውጤቱ እጅግ ቀጥተኛ ነበር፦ አጥብቆ የሚይዘው መድኃኒት በትንሽ መጠን፣ አላልቶ የሚይዘው በብዙ መጠን ይሰጣል። ተቀባዩ ዲ-2 ይባላል። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቶቹ በጎም ክፉም አንድ መነሻ አገኘ። በስሜትና በትርጉም መንገድ ላይ ያለው ዶፓሚን ሲዘጋ ድምፁና ጥርጣሬው ይቀንሳል። እንቅስቃሴን በሚመራው ክፍል ሲዘጋ መገተርና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ወተት የሚያስወጣውን ሆርሞን በሚገታው መንገድ ሲዘጋ የሴቶች የወር አበባ ይቀራል፣ ጡት ወተት ያወጣል። ማስታወክን በሚቀሰቅሰው ቦታ ሲዘጋ ማቅለሽለሽ ይቆማል፤ የአሜሪካው ኩባንያ በ1954 የተማመነበትም ይኸው ነው።

መጠኑን የዳኘው የአንጎል ምስል ነው። በስቶክሆልም ላርስ ፋርዴና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ስንት ተቀባይ እንደተያዘ መለካት ቻሉ። ከመቶ 65 እስከ 80 የሚሆነው ሲያዝ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ከ80 ሲያልፍ የሚጨምረው በአብዛኛው ጉዳቱ ነው። ይህን ያህል ለመያዝ ደግሞ ጥቂት ሚሊግራም ሃሎፔሪዶል ይበቃል። ከዚህ ቀደም ባሉት ዓመታት በየሆስፒታሉ የዚያ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሰጥ ነበር። የዚያን ዘመን ሕሙማን እንደ ግንድ መገተር ብዙው ክፍል ከሕመሙ ሳይሆን ከመጠኑ የመጣ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ለሁሉም ሕግ የማይገዛ አንድ መድኃኒት ግን አለ፤ ክሎዛፒን። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊዘርላንድ በቫንደር ኩባንያ የተሠራ ነው። ሲሞከር የፓርኪንሰን ዓይነት መገተር አላመጣም። የዚያ ዘመን ሐኪሞች «ካላገተረ አይሠራም» ብለው ያምኑ ስለነበር ይህ እንደ ጉድለት ታየ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ መሸጥ ጀመረ። በ1975 ፊንላንድ በገባ በወራት ውስጥ የነጭ የደም ሕዋሳት መጥፋት ደርሶባቸው ስምንት ሰዎች ሞቱ። እነዚህ ሕዋሳት ከሌሉ ተራ የጉሮሮ ሕመም ይገድላል። ክሎዛፒን በብዙ አገር ከገበያ ወጣ፤ በቆየበትም ቦታ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ሆነ።

ከሞት ያስነሡት ግትር ሐኪሞችና የሚያዩትን ለመካድ ያልቻሉ ቤተሰቦች ናቸው። በ1988 ጆን ኬንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ሌላ መድኃኒት ሁሉ ያልሠራላቸውን 268 ሰዎች መረጠ። በስድስት ሳምንት ከክሎዛፒን ወሳጆች ከመቶ 30ው ሲሻሻሉ፣ ከክሎርፕሮማዚን ወሳጆች ግን ከመቶ 4ቱ ብቻ ነበሩ። አሜሪካ በ1989 ፈቀደችው፤ ቅድመ ሁኔታው ግን የደም ምርመራ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ። ምርመራው ከመድኃኒቱ ጋር ተጠቅልሎ በዓመት ወደ 9,000 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ክስ እስከ መመሥረት አደረሰ። በክትትል ሥር ከባዱ የደም ችግር የሚደርሰው ከመቶ አንድ በማይሞላ ሰው ላይ ነው። በ2009 በፊንላንድ የ66,881 ሰዎችን የ11 ዓመት መዝገብ ያገላበጠ ጥናት ደግሞ ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ዝቅተኛው የሞት መጠን የታየው ክሎዛፒን በሚወስዱት መሆኑን አገኘ። ከሦስት ሕሙማን አንዱ ያህል ለሌሎቹ መድኃኒቶች ምላሽ አይሰጥም፤ ለዚህ ሰው ከክሎዛፒን የተሻለ እስከ አሁን የለም።

የክሎዛፒን መመለስ ኩባንያዎችን አነቃ። ያለ ደም ምርመራ ክሎዛፒንን የሚመስል መድኃኒት የሁሉም ሕልም ሆነ። ሪስፔሪዶን በ1993፣ ኦላንዛፒን በ1996፣ ኩዌቲያፒን በ1997፣ አሪፒፕራዞል በ2002 አሜሪካ ላይ ተፈቀዱ። «ሁለተኛው ትውልድ» ተብለው፣ የድሮዎቹን ብዙ እጥፍ በሆነ ዋጋ ተሸጡ። መገተሩ በርግጥ ቀነሰ። በቦታው ግን ውፍረት፣ ስኳርና የደም ቅባት መጣ፤ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በዚህ ቀዳሚዎቹ ናቸው። በ2005 የወጣው ካቲ የተባለ የአሜሪካ ጥናት 1,493 ሰዎችን ለ18 ወር ተከታተለ። ከመቶ 74ቱ የጀመሩትን መድኃኒት አቋረጡ ወይም ቀየሩ። ፐርፌናዚን የተባለው ርካሽ የ1950ዎቹ መድኃኒት ከአዲሶቹ ከአብዛኞቹ እኩል ቆመ። በዓመቱ በእንግሊዝ የወጣ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። የማስታወቂያው ዘመን ያበቃው በእነዚህ ሁለት ጥናቶች ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ለረጅም ጊዜ የአንድ ሆስፒታል ታሪክ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ራሱ በአዲስ አበባ አነጋገር የሕመሙ ምትክ እስኪሆን ድረስ ብቸኛው ሆኖ ኖሯል። በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና መጀመሩ መድኃኒቱን ወደ ክልል ሆስፒታሎች አወጣ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው።

ለዓለምም ዕውቀት የተረፈው ግን የቡታጅራው ጥናት ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቡታጅራና በዙሪያዋ፣ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ1998 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ 68,378 ጎልማሶችን ጠየቁ፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 321 ሰዎችም ተገኙ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። ጸበል ተወስደዋል፣ ታስረዋል፣ ወይም ዝም ተብለው ኖረዋል። ከዚያ በተከታታይ የወጡት ጥናቶች እንዳሳዩት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከሌላው ሰው ሦስት አሥርት ዓመት ያህል ቀድሞ ይሞታል፤ ከሚገድሉትም መካከል ተላላፊ በሽታዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው። በ2013 የወጣው ደግሞ ሕሙማን መድኃኒቱን ለምን እንደሚያቋርጡ ጠይቆ በሌሎች አገሮች እምብዛም የማይሰማ መልስ አገኘ፦ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። በዋሽንግተን «ውፍረት» ተብሎ የሚመዘገበው ያው ጠባይ ቡታጅራ ላይ ረሃብ ነው።

ስለ ጊዜው ርዝመት የተነሣው ክርክርም በእነዚህ ዓመታት ቁጥር አገኘ። በ2012 ስቴፋን ሎይክትና ባልደረቦቹ 65 ጥናቶችን አጠቃለው፣ መድኃኒቱን ከቀጠሉት በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው ከመቶ 27፣ ካቆሙት ከመቶ 64 መሆናቸውን አሳዩ። በ2013 ከኔዘርላንድስ የወጣ የ103 ሰዎች የሰባት ዓመት ክትትል ደግሞ በጥንቃቄ መጠኑ የተቀነሰላቸው በኑሯቸው የተሻለ ማገገማቸውን ዘግቦ ብዙ ተስፋ ቀሰቀሰ። የእንግሊዙ የ2023 ጥናት በ253 ሰዎች ላይ ሲደግመው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የኑሮ ለውጥ አልታየም፤ ከባድ ማገርሸት ግን መድኃኒቱን ከቀጠሉት ከመቶ 13፣ ከቀነሱት ከመቶ 25 ላይ ደረሰ። በመሆኑም የተለመደው አሠራር እንዳለ ነው፦ ሐኪሙ የጎንዮሽ ጉዳቱን ከሕመምተኛው ጋር መክሮ አንዱን መድኃኒት ይመርጣል፤ በትንሽ ጀምሮ አራትና ስድስት ሳምንት ይጠብቃል፤ ካልሠራ ይቀይራል፤ ሁለት ካልሠሩ ወደ ክሎዛፒን ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ከተሻለው በኋላም ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቀጥላል፤ በተደጋጋሚ ያገረሸበት ከዚያ ይረዝማል። ክብደት፣ ስኳርና የደም ግፊት በየጊዜው ይለካሉ። የመርፌው ዕድሜም ረዝሟል፤ በ2021 በስድስት ወር አንዴ የሚሰጥ ፓሊፔሪዶን ተፈቅዷል።

በ2022 መጀመሪያ የታተመ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት፣ በጤና ጣቢያ ያሉ የሠለጠኑ ጤና ባለሙያዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሲከታተሉ ውጤታቸው በሆስፒታል ካሉት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እንደማያንስ አሳየ። ሐኪሞቹ ጥቂት ለሆኑበት አገር ይህ ከማንኛውም አዲስ ክኒን የሚስተካከል ዜና ነው፤ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ።

አዲሱ ክኒን የመጣው በመስከረም 2024 ነው። ዛኖሜሊን በ1990ዎቹ ለአልዛይመር ተሞክሮ በሆድ ሕመምና በማስታወክ ምክንያት የተተወ ነበር። ወደ አንጎል የማይገባ፣ ጉዳቱን ከአንጎል ውጭ የሚያግድ ትሮስፒየም የተባለ መድኃኒት ሲጨመርበት ሊወሰድ የሚችል ሆነ። ከአሥርት ዓመታት ወዲህ የዶፓሚንን ተቀባይ ሳይዘጋ ለስኪዞፍሬኒያ የተፈቀደ የመጀመሪያው ነው፤ የሚሠራው ሙስካሪኒክ በሚባሉ ሌሎች ተቀባዮች ላይ ነው። ይህም እንደ ቀደሙት ለሌላ በሽታ የታሰበ ነበር።

የክሎዛፒን የደም ቁጥጥርም በእነዚህ ዓመታት ተለውጧል፤ ነገሩ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይመለከታል። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ጭምር፣ ያለ ምንም ሕመም የነጭ ሕዋሳት ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ የሚልባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የቁጥጥሩ ደንብ የተጻፈው ግን በአውሮፓውያን ደም ልክ ነው። በዚህ የተነሣ ጤነኛ ደም ያላቸው ሰዎች ክሎዛፒን ሲከለከሉ ወይም ሲቋረጥባቸው ቆይተዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 ለእነዚህ ሰዎች ዝቅ ያለ መነሻ ፈቀደ፦ ለሌላው በማይክሮሊትር ደም 1,500 ኒውትሮፊል የሚጠየቀው ለእነሱ 1,000 ሆነ። በየካቲት 2025፣ ከፊንላንዱ ሞት 50 ዓመት በኋላ፣ ባለሥልጣኑ ያለ ደም ምርመራ ሪፖርት ክሎዛፒን አይሰጥም የሚለውን ግዴታ ማስፈጸም እንደሚያቆም አስታወቀ። ምርመራው በመድኃኒቱ መመሪያ ውስጥ እንደ ምክር ቀጥሏል።